ዘይት ያልደረሰበት ነጥብ፦ የኤሌክትሪክ ሞተርን የሚያቀዘቅዝ ዘይት በቅንጣቶች ስለ ማስላት

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ስለ እነዚህ መኪናዎች ሲነሳ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ባትሪው ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? በስንት ሰዓት ይሞላል? ስንት ዓመት ያገለግላል? ይባላል። ስለ ሞተሩ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሞተሩ አያጓራም፣ አይጨስም፤ ስለዚህም የማይሞቅ ይመስላል።

ነገሩ ግን እንደሚመስለው አይደለም። 100 ኪሎ ዋት ኃይል የሚሰጥ ሞተር ከተቀበለው ኤሌክትሪክ 95 በመቶውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል ብንል፣ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ የሚሆነው ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደው 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ጊዜ ከመካከለኛ ድስት ብዙም በማይበልጥ ዝግ ብረት ውስጥ ከአንድ ምጣድ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልቃል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሙቀት በዘይት እንዴት እንደሚወገድ፣ የዘይቱ መንገድ በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሰላ፣ ስሌቱስ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ለማብራራት እንሞክራለን።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ምንስ ያበላሻል?

የኤሌክትሪክ ሞተር ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። የማይንቀሳቀሰው ውጫዊ ክፍል ስታተር ሲባል በውስጡ የሚሽከረከረው ሮተር ይባላል። በስታተሩ ብረት ውስጥ የመዳብ ጥቅልሎች ተቀብረዋል። በመዳቡ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ መዳቡ ይሞቃል፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብረቱም በውስጡ የሚመላለሰው መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫውን በቀያየረ ቁጥር የራሱን ሙቀት ይጨምራል።

የዓባይን በረሃ መንገድ እንውሰድ። ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ሰበቃንና የአየርን ግፊት ትተን ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 23 ሚሊዮን ጁል ገደማ፣ ማለትም 6.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉተናው ግን ይበረታል፤ ጉተና ሲበረታ ደግሞ ጅረቱ ይጨምራል። ሞተሩ ክፉኛ የሚሞቀው በሜዳ ላይ ሲከንፍ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ቀስ ብሎ ሲጎትትም ጭምር ነው።

ሙቀቱ ሦስት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፣ የመዳብ የኤሌክትሪክ መቋቋም በየአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከ20 ወደ 150 ዲግሪ የደረሰ መዳብ ተቋቋሚነቱ ከመጀመሪያው በግማሽ ይበልጣል፤ ሙቀት ራሱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መዳቡን የሚሸፍነው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን ያረጃል። «ኤች» በሚባለው ደረጃ የሚመደብ ሽፋን የተፈቀደለት ወሰን 180 ዲግሪ ነው። መሐንዲሶች ለረጅም ዘመን በሚመሩበት ግምታዊ ሕግ መሠረት ሽፋኑ ከወሰኑ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲግል ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ሦስተኛ፣ በብዙ መኪናዎች ሮተር ውስጥ የሚገኙት የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ሲግሉ መግነጢሳዊ ጉልበታቸው ይደክማል። ተራዎቹ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ወሰናቸው ሲደርስ፣ ለሞተር የሚውሉት ዲስፕሮሲየም የመሰለ ውድ ንጥረ ነገር እየተጨመረባቸው ከዚያ የበለጠ እንዲችሉ ይደረጋሉ። ወሰኑ ከታለፈና ማግኔቱ ከተዳከመ ሲቀዘቅዝም ወደ ነበረበት አይመለስም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው ነገር አለ። የሞተሩን ዕድሜ የሚወስነው አማካይ ሙቀቱ አይደለም፤ እጅግ የጋለው አንድ ነጥብ ነው። መስኖ የገባለት ማሳ በጠቅላላው በቂ ውኃ አግኝቶ ሳለ ጥግ ላይ ያለው አንድ መደብ ግን ውኃ ሳይደርሰው ሊደርቅ ይችላል። ገበሬው አንድ መደብ ቢያጣ ሌላው ይተርፈዋል። የሞተር ጥቅልል ግን እንዲህ አይደለም፤ በአንዲት እጥፋት ላይ ሽፋኑ ተቃጥሎ ሽቦና ሽቦ ከተነካካ ሞተሩ በሙሉ ከሥራ ውጪ ይሆናል።

ለምን ዘይት?

ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ወይም በስታተሩ ዙሪያ በተሠራ ቦይ ውስጥ በሚያልፍ ውኃ ነው። ውኃ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ ከዘይት አራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ በመሆኑ መዳቡን በቀጥታ ሊነካ አይፈቀድለትም። ሙቀቱ ውኃው ዘንድ ለመድረስ ሽፋኑንና ብረቱን ማቋረጥ አለበት። ጥቅልሎቹ ከስታተሩ ብረት ወጥተው የሚታጠፉበት ጫፍ ደግሞ ከውኃው ቦይ ርቆ በአየር ላይ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ እጅግ የሚግለውም ይኸው ጫፍ ነው።

ዘይት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ በጋለው መዳብ ላይ በቀጥታ ሊረጭ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ለገበያ በቀረበው የቶዮታ ፕሪየስ መኪና ውስጥ ለማርሽ ሳጥኑ የሚያገለግለው ዘይት ሞተሩንም እንዲያቀዘቅዝ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቴስላ ሞዴል 3 መኪናም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዘይት ነው። አሠራሩ ከሞተር ሞተር ይለያያል። በአንዳንዶቹ ከጥቅልሉ በላይ የተዘረጋ ቀጭን ቱቦ በትንንሽ ቀዳዳዎቹ ዘይት ያንጠባጥባል ወይም ይረጫል፤ በሌሎቹ ደግሞ ዘይቱ ክፍት በሆነው የሮተር ዘንግ ውስጥ ገብቶ በሽክርክሪቱ ወደ ውጪ ይወረወራል።

ዘይቱ ይበቃልን? በየደቂቃው 6 ሊትር ዘይት ብናዘዋውር፣ 4 ኪሎ ዋት ሙቀት ተሸክሞ ሲወጣ የራሱ ሙቀት የሚጨምረው በ24 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ሒሳብ ይበቃል። ታዲያ ከዚህ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ዘይቱ ስንት ነው የሚል ሳይሆን የት ይደርሳል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም። ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሮተር በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲዞር የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ 94 ሜትር ይሆናል። በጠርዙ ላይ ያለች የዘይት ጠብታ አብራው እንድትዞር ከመሬት ስበት 12,000 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ኃይል ያስፈልጋታል። የሚይዛት ኃይል ስለሌለ ትወረወራለች። ዘይቱ በመጀመሪያ እንደ ስስ ገበታ ይዘረጋል፤ ከዚያ እንደ ክር ይበጣጠሳል፤ በመጨረሻም ጠብታ ሆኖ ይበተናል፣ ከግድግዳ ይጋጫል፣ ተመልሶ ይፈሳል። ዘይት ማብዛትም መፍትሔ አይሆንም። በሮተሩና በስታተሩ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ዘይት ከሞላበት ሮተሩ በዘይት ውስጥ እየቀዘፈ ኃይል ያባክናል፤ ተጨማሪ ሙቀትም ይፈጥራል።

ከድልድይ ላይ ወይስ ከታንኳ ውስጥ?

የወንዝን ፍሰት በሁለት መንገድ ማጥናት ይቻላል። አንደኛው ድልድይ ላይ ቆሞ ከሥር የሚያልፈውን ውኃ መመልከት ነው። ቦታው አይለወጥም፤ ውኃው ግን በየቅጽበቱ ሌላ ነው። ሁለተኛው ታንኳ ላይ ተሳፍሮ ከውኃው ጋር አብሮ መጓዝ ነው። እዚህ ውኃው ያው ሆኖ ቦታው ይለዋወጣል። በፊዚክስ የመጀመሪያው እይታ በኦይለር፣ ሁለተኛው በላግራንዥ ስም ይጠራል፤ ሁለቱም የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው።

ለረጅም ጊዜ የተለመደው የስሌት ዘዴ የድልድዩ ነው። ቦታው በመረብ በትንንሽ ክፍሎች ይከፈልና በእያንዳንዱ ክፍል የሚገባውና የሚወጣው ፈሳሽ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ኸርትና ኒኮልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ዘዴ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህሉ በፈሳሽ እንደተሞላ እየተመዘገበ የፈሳሹ ገጽ የት እንዳለ ይታወቃል። ይህ ዘዴ ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ነው። ይሁን እንጂ በሞተር ውስጥ ሲገባ ይቸገራል። የሞተሩ ውስጥ አብዛኛው ክፍል አየር ነው፤ ዘይቱ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም የተበታተነ ነው። አንዲትን ጠብታ ለመያዝ መረቡ ከጠብታዋ እጅግ የጠበበ መሆን አለበት፤ ጠብታዋ የት እንደምትሄድ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ደግሞ መረቡ በሁሉም ቦታ መጥበብ ሊኖርበት ነው። በዚህ ላይ ሮተሩ ስለሚዞር መረቡም አብሮት መንቀሳቀስ አለበት።

የታንኳው ዘዴ ግን ዘይቱን ራሱን ይከተላል። ዘይቱ በብዙ ሺህ ወይም በብዙ ሚሊዮን ቅንጣቶች ይወከላል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱ መጠነ ቁስ፣ ቦታ፣ ፍጥነትና ሙቀት አለው። ዘይት በሌለበት ቅንጣት የለም፤ ቅንጣት በሌለበትም ስሌት የለም። ዘይቱ ሲበጣጠስ ቅንጣቶቹ ይለያያሉ፣ ሲገናኝ ይገናኛሉ፤ የተለየ ትእዛዝ አያስፈልጋቸውም።

ከኮከብ ወደ ሞተር

ይህ ዘዴ የተወለደው በሞተር ፋብሪካ ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሊዮን ሉሲ በአንድ በኩል፣ ሮበርት ጊንጎልድና ጆሴፍ ሞናጋን በሌላ በኩል፣ ለከዋክብት ጥናት ብለው ለየብቻ ደረሱበት። ሉሲ ሊመረምር የፈለገው በፍጥነት የሚሽከረከር ኮከብ ለሁለት ይከፈል እንደሆነ ነበር። ኮከብ ግድግዳ የለውም፤ በባዶ ሕዋ ውስጥ ቅርጹን እየለዋወጠ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ መረብ አይመቸውም። ሞናጋን እ.ኤ.አ. በ1994 ዘዴውን እንደ ውኃ ላሉ ገጻቸው ነፃ ለሆነ ፈሳሾች አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በጃፓን ኮሺዙካና ኦካ ለኑክሌር ምህንድስና ብለው የሠሩትን ተቀራራቢ የቅንጣት ዘዴ አሳተሙ። ከሚሽከረከር ኮከብ የተነሳው ሐሳብ ዛሬ ከሚሽከረከር ሮተር ደርሷል።

የስሌቱን ፍሬ ነገር በምሳሌ እንመልከት። ገበያ መካከል የቆመ ሰው ሕዝቡ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ማወቅ ቢፈልግ ገበያውን በሙሉ መቁጠር አይጠበቅበትም። በአጠገቡ ያሉትን ይቆጥራል፤ የቀረበውን ሰው ሙሉ፣ ራቅ ያለውን በከፊል፣ ከተወሰነ ርቀት በላይ ያለውን ምንም አድርጎ ይይዛል። እያንዳንዱ ቅንጣትም የራሱን እፍጋት የሚያገኘው በዚሁ መንገድ፣ የጎረቤቶቹን መጠነ ቁስ እንደ ርቀታቸው እየመዘነ በመደመር ነው። እፍጋቱ ከታወቀ ግፊቱ ይታወቃል፤ ግፊት ከበዛበት ወዳነሰበት ይገፋል። በዚህ ላይ የዘይቱ ዝልግልግነት፣ የገጽ ውጥረቱና ስበት ይደመራሉ። በቅንጣቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ኃይል ሲገኝ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ቀሪውን ይነግረናል። ቅንጣቱ ጥቂት ይራመዳል፤ ከዚያም ሒሳቡ እንደገና ይጀመራል።

ጎረቤትን መፈለግ ራሱ ብልሃት ይጠይቃል። አንድ ሚሊዮን ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ሌሎቹን ሁሉ ቢጠይቁ ጥያቄው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ቦታው በ«ቀበሌ» ይከፈላል። ቅንጣቱ የሚጠይቀው በራሱ ቀበሌና በዙሪያው ባሉት 26 ቀበሌዎች ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። ይህ ሥራ ለብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሊከፋፈል ስለሚችል፣ ለኮምፒዩተር ጨዋታ ምስል ተብለው የተሠሩት የግራፊክስ ካርዶች እጅግ ተስማምተውታል።

ዋጋው ስንት ነው?

የቅንጣት ዘዴ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አንድ ሊትር ዘይት በአንድ ሚሊ ሜትር ርቀት በተደረደሩ ቅንጣቶች ቢወከል አንድ ሚሊዮን ቅንጣቶች ይበቃሉ። ርቀቱን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስናወርደው 8 ሚሊዮን፣ ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስናወርደው አንድ ቢሊዮን ይሆናሉ። በመዳብ ላይ የሚቀረው የዘይት ሽፋን ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊሳሳ ይችላል። ሽፋኑ ከቅንጣቱ ከሳሳ ስሌቱ ሊያየው አይችልም።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። በተለመደው አሠራር ግፊት በፈሳሹ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ከፈሳሹ ከፍተኛ ፍጥነት አሥር እጥፍ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ይህ ሲሆን የእፍጋት ለውጡ ከአንድ በመቶ ገደማ አይዘልም። ለእኛ ሮተር ይህ ፍጥነት በሰከንድ 940 ሜትር ይሆናል። የግፊቱ ሞገድ በአንድ እርምጃ በቅንጣቶች መካከል ካለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ሩቡን ብቻ እንዲሄድ ብንፈቅድ፣ ለአንድ ሰከንድ ፍሰት 7.5 ሚሊዮን እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። ስምንት ሚሊዮን ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው 60 ጎረቤት ቢኖራቸው በጠቅላላው 3,600 ትሪሊዮን የጎረቤት ሒሳቦች ይሠራሉ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር ግን የሁለት ሰዓቶች አለመገጣጠም ነው። ዘይቱ በሺህኛ ሰከንድ ይረጫል፤ መዳቡና ብረቱ ግን የሚግሉት በደቂቃዎች ነው። ሁለቱን አብሮ እስከ መጨረሻው ማስላት የማይሞከር ነው። ስለዚህ የዘይቱ ፍሰት ለአጭር ጊዜ ይሰላል፤ እያንዳንዱ የጥቅልሉ ክፍል በአማካይ ምን ያህል ዘይት እንደሚያገኝና ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ ይመዘገባል፤ ከዚያም ይህ መዝገብ የጠጣሩን ሙቀት ብቻ ለሚያሰላ ሌላ ፕሮግራም ይተላለፋል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል። ከ40 ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ የማርሽ ሳጥን ዘይት ዝልግልግነት ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚወርድ፣ ፍሰቱ በአዲሱ ሙቀት እንደገና መሰላት ይኖርበታል።

አየርም አለ። ዘይት ከአየር በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚከብድ በብዙ ስሌቶች አየሩ ጭራሽ ይተዋል። ሮተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ይህ ብዙም አይጎዳም። በሰከንድ 94 ሜትር በሚሮጥ ጠርዝ አጠገብ ግን ሮተሩ የሚያስነሳው ነፋስ ትንንሾቹን ጠብታዎች ይዞ ይሄዳል። አየሩን የተወ ስሌት ጠብታዎቹን የሌሉበት ቦታ ሊያሳርፋቸው ይችላል።

ስዕሉን ማመን

እኛ በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ስንከታተል የመጀመሪያውን የቅንጣት ፕሮግራም የጻፍነው ለአንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፤ በሳጥን ጥግ የቆመ የውኃ ዓምድ ድንገት ሲለቀቅ እንዴት ይፈሳል? ምስሉ እጅግ ያማረ ነበር፤ ማዕበሉ ይነሳል፣ ይረጫል። ለባልደረቦቻችን በኩራት አሳየን። ከመካከላቸው አንዱ ቅንጣቶቹን እንድንቆጥር ጠየቀን። ስንቆጥር ከአሥሩ አንዱ ጠፍቷል። ግድግዳውን እየጣሱ ወጥተው ነበር፤ ከማያ ገጹ ውጪ ስለነበሩ ግን አላየናቸውም። ያን ጊዜ የተማርነው ዛሬም ለተማሪዎቻችን የምንደግመው ነው፤ ያማረ ምስል ማስረጃ አይደለም።

በሞተር ላይ ደግሞ ስሕተቱ የሚያስከትለው ነገር ከባድ ነው። ስሌቱ አንዲትን እጥፋት ዘይት ደርሷታል ብሎ ካሳየ፣ መሐንዲሱ ቀዳዳውን እዚያው ይተዋል፤ ሞተሩ በሺህ በሚቆጠር ቁጥር ይመረታል፤ እጥፋቷ በእርግጥ ደረቅ ከሆነች ጉድለቱ የሚታወቀው ዳገት ላይ በቆመ መኪና ነው። ስለዚህ ስሌቱ በሙከራ ይፈተናል። የሞተሩ ክዳን በሚያሳይ ፕላስቲክ ተተክቶ የዘይቱ ጉዞ በፈጣን ካሜራ ይቀረጻል፤ በጥቅልሉ ውስጥም የሙቀት መለኪያዎች ይቀበራሉ። ቅንጣቶቹ በመጠን ሲያንሱ ውጤቱ ይለዋወጥ እንደሆነም ይታያል፤ ከተለዋወጠ ስሌቱ ገና አልበሰለም። ይህን ፈተና ካለፈ ግን በእውነተኛው ሞተር ላይ ቀዳዳ ሳይበሱ፣ አንድ ቱቦ በጥቂት ዲግሪ ቢዞር የትኛው ጥቅልል እንደሚረጥብና የትኛው እንደሚደርቅ አስቀድሞ ለማየት ያስችላል።

ለእኛ አገር የሚበጅ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። በሞተሩ ውስጥ ለሚፈሰው ዘይት የቦታው ከፍታ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ሆኖም ዘይቱ የተሸከመው ሙቀት በመጨረሻ በራዲያተሩ በኩል ወደ አየር መውጣት አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ በሆነ መጠን የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በመደበኛነት የሚገለጸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። አብዛኛው ከተማችን ከዚያ በላይ ነው። በባሕር ወለል ሁኔታ የተሰላ ውጤት ለእኛ ዳገቶች እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም፤ ስሌቱን በራሳችን አየርና በራሳችን መንገድ እንደገና መሥራት የሚችል ሰው ያስፈልገናል።

ያን ሰው ለመሆን ሱፐር ኮምፒዩተር መጠበቅ ግድ አይደለም። በሁለት ልኬት የተወሰነና 2,000 ቅንጣቶች ያሉት የውኃ ዓምድ በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሰላል፤ የሚጠይቀውም የኒውተንን ሕግ፣ ጥቂት የካልኩለስ ዕውቀትና ትዕግሥት ነው። የሚሞክር ተማሪ ምስሉ ሲያምርለት ወዲያው ደስ አይበለው። አስቀድሞ ቅንጣቶቹን ይቁጠር።